ድንኳን የማይተከልለት ሐዘን፦ የድመት ሞትና የጤና ባለሙያው ድርሻ

በኢትዮጵያ ሰው ሲሞት ሐዘንተኛው ለብቻው አይተውም። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ አግዳሚ ወንበሩንና ድስቱን ያወጣል፤ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ፣ እንጀራ ጋግሮ ይመጣል። በክርስቲያኑ ዘንድ ሠልስቱ፣ አርባውና ሙት ዓመቱ፣ በሙስሊሙ ዘንድ ተዕዚያውና ሰደቃው ሐዘኑን በጊዜ ከፋፍለው ያሸክሙታል። ከሩቅ የመጣ ዘመድ ደረቱን እየመታ ይገባል፤ ሽማግሌው ደግሞ ሰዓቱን ዐይቶ «በቃ፣ እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ለቅሶውን ያስቆማል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ የትዳር ጓደኛው ወይም የቅርብ ዘመዱ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ይህ ሁሉ ሥርዓት ሐዘንተኛው ማልቀስ የሚገባው መሆኑን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያለቅስና መቼ ወደ ሥራው እንደሚመለስ ይነግረዋል።

ለአሥራ አራት ዓመት አብራ የኖረች ድመት ስትሞት ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም የለም። ሐዘንተኛዋ ሴት ሬሳውን በፌስታል ጠቅልላ በማለዳ ታወጣለች፤ በዚያው ቀን ሥራ ትገባለች፤ ዐይኗ ለምን እንዳበጠ ቢጠይቋት ጉንፋን ይዞኛል ትላለች። ብትናገር የሚጠብቃት ሣቅ ወይም «ሰው በሚያልቅበት ዘመን!» የሚል ተግሣጽ መሆኑን ታውቃለች። እንዲህ ያለው ሐዘን ለቅሶ ቤት ስለሌለው መውጫ የሚያገኘው በሌላ በር ነው፤ አንደኛው በር የጤና ጣቢያው የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን ሐዘን ለይቶ ማወቅ ለሕክምና ሥራ ምን እንደሚጠቅም፣ ሳያውቁ ማለፍም ምን እንደሚያስከትል ማስረዳት ነው።

የቋንቋውና የልማዱ ምስክርነት

አማርኛ ሁለቱን ሞቶች በተለያየ ቃል ያጽናናል። ሰው ለሞተበት «እግዜር ያጽናህ» ሲባል፣ በሬው ወይም ላሙ ለሞተችበት ደግሞ «ምትኩን ይስጥህ» ይባላል። ሁለተኛው ቃል የንፉግ ቃል አይደለም። የበሬ ሞት የእርሻ መቆም፣ የቤተሰብም መራብ ስለሆነ ለገበሬው ምትክ መመኘት እውነተኛ ርኅራኄ ነው። ይሁንና ቃሉ የጠፋው ነገር የሚተካ መሆኑን አስቀድሞ ወስኗል። ድመቷን የምታስበው ሴት የጎደላት ግን ድመት አይደለም፤ ድመት በየሰፈሩ ሞልቷል። የጎደለቻት ያቺ፣ ስሟን ስትሰማ ጆሮዋን የምታዞር፣ ሌሊት እግር ሥር የምትተኛ አንዲት ፍጥረት ናት። ስለዚህ «ምትኩን ይስጥሽ» ሲሏት እንዳልተረዷት ታውቃለች።

እንስሳን በስሙ ለይቶ መውደድ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው የሚል አስተያየት አንዳንድ ጊዜ ይሰማል። አስተያየቱ አያስኬድም። በታችኛው የኦሞ ሸለቆ በሚኖሩት በቦዲና በሙርሲ ሕዝቦች ዘንድ ወንዶች በሚወዱት በሬ ቀለም ስም ይጠራሉ፤ ሰውዬውና በሬው በአንድ ስም ይታወቃሉ። በቤተ መንግሥትም ቢሆን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ በተባለው ትንሽ ውሻቸው ይታወቁ ነበር። ልዩነቱ በሬው ሀብት፣ ውሻውም ዘበኛ ሆኖ ክብር ሲያገኝ፣ ድመት አይጥ እስከያዘች ድረስ ብቻ የምትታገሥ የማጀት ነዋሪ ሆና መታየቷ ነው። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረትም ያለባትን ስም ያሳያል። በእስልምና ትውፊት ድመት በሰው መካከል የምትመላለስ ንጹሕ እንስሳ ተደርጋ ትቈጠራለች፤ ብዙ ሐዲሥ ያስተላለፉት ሶሓባ አቡ ሁረይራ የሚታወቁበት ስምም የድመቷ አባት እንደማለት ነው። ያም ሆኖ በከተማው ዕለታዊ ኑሮ ለድመት ማልቀስ በየትኛውም ቤት ያስቃል።

ጥንት እንዲህ አልነበረም። ሄሮዶቱስ ስለ ግብፃውያን ሲጽፍ ድመት በተፈጥሮ ሞት የሞተችባቸው ቤተሰቦች ሁሉ ቅንድባቸውን ይላጩ እንደነበርና ሬሳዋም ቡባስቲስ ወደምትባለው ከተማ ተወስዶ በመድኃኒት ደርቆ ይቀበር እንደነበር ዘግቧል። ለድመት ሞት በአደባባይ የሚታይ የሐዘን ምልክት ነበረ ማለት ነው። በነገራችን ላይ በውጭው ዓለም «አቢሲኒያ» እየተባለች የምትሸጠው ውድ የድመት ዝርያ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ዘመቻ የተመለሱ እንግሊዞች ዙላ ከተባለው ወደብ ይዘዋት መጡ ከሚል ወሬ ነው፤ የዘር ምርመራ ግን መነሻዋን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎች ይወስደዋል።

ሐዘኑ ከየት ይመጣል?

እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1980 ባሳተማቸው ሦስት ቅጾች ሐዘንን የቁርኝት ሌላው ገጽ አድርጎ አስረድቷል። ሰው መጠጊያው ከሆነው ፍጡር ጋር ሲለያይ መጀመሪያ ይፈልጋል፣ ይጣራል፣ ይቈጣል፤ ፍለጋው ከንቱ መሆኑን ሰውነቱ ሲቀበል ብቻ ቀስ በቀስ ይረጋጋል። ቁርኝት የሚገነባው በንግግር ሳይሆን በመገኘት፣ በመነካካትና በዕለት ተዕለት ድግግሞሽ ነው። ድመት ይህን ሁሉ ትሰጣለች። ጎሕ ሲቀድ ትቀሰቅሳለች፣ የበር ቁልፍ ድምፅ ስትሰማ ትመጣለች፣ ጭን ላይ ትተኛለች። በጥሩ እንክብካቤ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ልትኖር ስለምትችል የአንድን ሰው ሙሉ የሕይወት ምዕራፍ ታጅባለች፤ ለምሳሌ ከባል ሞት እስከ ጡረታ፣ ወይም ከልጅነት እስከ ዩኒቨርሲቲ። ስትሞት የሚፈርሰው የቀኑ አቋም ጭምር ነው። እጅ በልማድ ወደ ወተቱ ይዘረጋል፤ ሳሕኑ ግን ባዶ ነው።

ጆን አርቸርና ጊሊያን ዊንቸስተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 በብሪታንያ የሥነ ልቡና መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የቤት እንስሳ የሞተባቸውን 88 ሰዎች ጠይቀው ነበር። ከግማሽ የሚበልጡት በመጀመሪያ መደንዘዝ ወይም አለማመን እንደተሰማቸው ተናገሩ፤ ይህንኑ ያህል ሰዎች ሐሳባቸው ሁሉ በሞተው እንስሳ መያዙንና ከራሳቸው አንድ ክፍል የተቈረጠ መምሰሉን ገለጹ። ሩብ ያህሉ ደግሞ የድብርት፣ የጭንቀት ወይም የቍጣ ስሜት ነበራቸው። ሐዘኑ የበረታው ሞቱ በድንገት በደረሰባቸው፣ ብቻቸውን በሚኖሩና ከእንስሳው ጋር የጠበቀ ቁርኝት በነበራቸው ሰዎች ላይ ነበር። የሐዘኑ መልክ ለሰው ከሚታዘነው ጋር ይመሳሰላል፤ የሚለየው አጃቢ ማጣቱ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ዓይነቱ ሐዘን ስም ሰጥቶታል። በአማርኛ «ዕውቅና የተነፈገው ሐዘን» ሊባል ይችላል፤ በግልጽ ሊነገር፣ በማኅበር ሊለቀስና በሰው ሊደገፍ ያልቻለ ሐዘን ማለት ነው። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የቤት እንስሳ ለሞተባቸው ሰዎች የስልክ ድጋፍ መስጠት ጀመረ።

በብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የኤሊዛቤት ኩብለር-ሮስ «አምስት ደረጃዎች» ትምህርት እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. የ1969ኙ መጽሐፏ ራሳቸው በሞት አፋፍ ላይ ስለነበሩ ሕሙማን እንጂ ስለ ሐዘንተኞች የተጻፈ አልነበረም፤ ደረጃዎቹም በቅደም ተከተል የሚታለፉ ጣቢያዎች አይደሉም። ለዕለት ሥራ ይበልጥ የሚያግዘው ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ሐሳብ ነው። በእነርሱ አገላለጽ ጤነኛ ሐዘንተኛ በሁለት ሥራዎች መካከል ይወዛወዛል፤ አንድ ጊዜ ወደ ሞቱ ዞሮ ያለቅሳል፣ ሌላ ጊዜ ፊቱን አዙሮ ኑሮውን ያቃናል። ጠዋት ገበያ ሄዳ የሣቀች ሴት ማታ ብታለቅስ ሁለቱም እውነት ናቸው።

በምርመራ ክፍል ውስጥ

ለአብነት የሚከተለው ሁኔታ ይታሰብ። ዕድሜያቸው ስድሳ ሦስት ዓመት የሆነ፣ ባላቸው የሞቱባቸውና ብቻቸውን የሚኖሩ እናት በሁለት ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። ልቤን ያፍነኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ምግብ አይወርድልኝም ይላሉ። የደም ግፊታቸው ደኅና ነው። በመጀመሪያው ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት፣ በሁለተኛው ቪታሚን ተጽፎላቸዋል። በሦስተኛው ቀን የምታያቸው ነርስ እንዲህ ትጠይቃለች።

«እማማ፣ ይህ ሕመም ከመቼ ጀመረዎት?»

«ከመስቀል ማግስት ልጄ።»

«በመስቀል ሰሞን ያጋጠመዎት ነገር ነበር?»

እናቲቱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወስደው ፈገግ ይላሉ። «ተዪው፣ ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ።»

«አልስቅም እማማ።»

«ድመቴ ሞተችብኝ።»

ነርሷ ካልሣቀች ቀሪው ታሪክ ይመጣል። ድመቷን ያሳደገቻት ትንሿ ልጃቸው ናት። ልጅቷ ለሥራ ወደ ቤይሩት ስትሄድ «ውሮን አደራ» ብላ ሄደች። በደወለች ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀው ስለ ድመቷ ነበር። እናት አሁን ስልኩ ሲጮኽ ይፈራሉ፤ ደኅና ናት እያሉ ሁለት ወር ዋሽተዋል። ማለትም መርዶ ይዘዋል። በሰው ሞት ጊዜ ቢሆን መርዶውን የሚያረዱ ሽማግሌዎች ተመርጠው፣ ሰዓቱ ተመክሮበት፣ አርጂውም አጽናኝ ተዘጋጅቶለት ነበር። የድመት መርዶ ግን አርጂ የለውም። የእናቲቱ ሐዘን በአንድ ጊዜ የድመቷ፣ የራቀችው ልጅ፣ ምናልባትም ገና በወጉ ያልተለቀሰው የባላቸው ሐዘን ነው።

እንዲህ ባለው ሰዓት ባለሙያው የሚያደርገው ነገር ጥቂት ነው፤ ጥቂት መሆኑም ጥሩ ነው። ስሟ ማን ነበር፣ ስንት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ፣ ልጅዎ ታውቃለች ወይ ብሎ መጠየቅና መልሱን ሳያቋርጡ መስማት ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። «ድመት እኮ ናት» ማለት ግን ታካሚዋ ለራሷ ስትለው የከረመችውን ተግሣጽ በነጭ ጋዋን መድገም ነው። ከዚያ በኋላ የልብ ሕመም እንጂ የልብ ሐዘን አትናገርም፤ አራተኛው ካርድ ይወጣል፣ አምስተኛው ምርመራ ይታዘዛል። አንዳንድ ሐዘንተኞች ሌሊት የድመቷን ድምፅ እንደሚሰሙ ወይም አልጋው ጫፍ ላይ ክብደቷ እንደሚሰማቸው በፍርሃት ይናገራሉ። ይህ በሰው ሞትም የሚታይ የተለመደ የሐዘን ገጠመኝ ነው፤ ሌላ የአእምሮ ሕመም ምልክት እስከሌለ ድረስ እብደት አለመሆኑን መንገር ብቻውን ብዙ ያቀልላል።

ሐዘን ተገኘ ተብሎ ደግሞ ደረት መመርመር አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1990 በጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸውና ታኮትሱቦ የሚባለው የልብ ጡንቻ ሕመም ከከባድ የስሜት ድንጋጤ በኋላ፣ በተለይ የወር አበባ በቆመላቸው ሴቶች ላይ ይታያል። የልብ ደም ሥር ሳይዘጋ የኤ.ሲ.ጂ. ለውጥና የትሮፖኒን መጨመር ያመጣል፤ አብዛኞቹ ታካሚዎች በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ የሕክምና ዘገባ ውሻዋ ከሞተባት በኋላ በደረት ሕመም ሆስፒታል ስለገባች የቴክሳስ ሴት ነበር፤ ሕመሙም ይኸው ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ አዲስ የደረት ሕመም ያለበት ሐዘንተኛ ሌላው እስኪጣራ ድረስ እንደማንኛውም የድንገተኛ የልብ ታካሚ መታየት አለበት።

እንዴት ሞተች?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የማይዘለለው ይህ ነው። ለሐዘንተኛው ታሪኩን የሚከፍት ቁልፍ ሲሆን፣ ለባለሙያው ደግሞ ሕይወት የሚያድን መረጃ ሊያስገኝ ይችላል።

የመጀመሪያው ምክንያት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም ዙሪያ በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው እስከ 99 በመቶ በውሻ ቢሆንም ድመትም ተይዛ ልታስተላልፍ ትችላለች። የታመመች ድመት ጠባይዋ በድንገት ይለወጣል፤ የዋህ የነበረችው ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች፣ ጨለማ ውስጥ ትደበቃለች፣ ድምፅዋ ይለወጣል፣ ምራቋ ይዝረበረባል፣ በቀናት ውስጥም ትሞታለች። የምትወዳት ባለቤት በዚያ ሳምንት የምታደርገው ደግሞ ይበልጥ መቅረብ ነው፤ ታቅፋታለች፣ አፏን ከፍታ ወተት ታንቈረቍራለች። ቢነክሷትም «አሟት ነው እንጂ ክፉ አልነበረችም» ብላ ትሰውረዋለች። ሐዘን ንክሻን ይደብቃል። ስለዚህ ድመቷ ከመሞቷ በፊት በነበሩት አሥር ቀናት ነክሳ፣ ቧጭራ ወይም የቆሰለ ቆዳን፣ ዐይንንና አፍን በምራቋ ነክታ እንደሆነ በቀጥታ መጠየቅ ያስፈልጋል። ነክሶ በአሥር ቀናት የክትትል ጊዜ ውስጥ ጤነኛ ሆኖ የቆየ ውሻ ወይም ድመት በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ይባላል፤ የሞተ ግን ተጠርጣሪ ነው። ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ክትባት ይጀመራል፤ ቆዳን በስቶ ለገባ ንክሻ ወይም ጭረት እንዲሁም ምራቅ ቁስልን ወይም የዐይንና የአፍን ስስ ሽፋን ለነካበት ኢሚዩኖግሎቡሊን ይጨመራል። ቀናት ቢያልፉም ክትባቱ አይቀርም፤ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የሚያሳየው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን ሕክምና የለም። ሬሳው ካልተቀበረ በባዶ እጅ ሳይነካ ለአንጎል ናሙና ምርመራ ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር መነጋገር ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት መርዝ ነው። በከተማ ድመት ከምትሞትባቸው መንገዶች አንዱ ለአይጥ የተቀመጠ መርዝ ወይም መርዙን የበላች አይጥ ናት። መርዙን ያስቀመጠው ጎረቤት ከሆነ ሐዘኑ ከቍጣና ከጠብ ጋር ይመጣል። ያስቀመጠችው ራሷ ሐዘንተኛዋ ከሆነች ደግሞ ጸጸቱ ከሐዘኑ ይከብዳል፤ «በገዛ እጄ ገደልኳት» የሚለው ቃል ሲሰማ «አይዞሽ፣ አላወቅሽም» ብሎ ቶሎ ከመሸፈን የሆነውን በዝርዝር ማስነገር ይሻላል። ከዚህ ጋር ማንኛውም ባለሙያ ሊረሳው የማይገባ ነገር አለ፤ ያ መርዝ አሁንም ቤት ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ ራስን ለማጥፋት ከሚውሉት ነገሮች መካከል ፀረ ተባይና የአይጥ መርዝ ይገኙባቸዋል። ብቻዋን የምትኖር፣ በጸጸት የምትቃጠልና እንቅልፍ ያጣች ሴት ራሷን የመጉዳት ሐሳብ እንዳላት በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም። መርዙን ከቤት የሚያስወጣ ዘመድ ወይም ጎረቤት በዚያው ቀን መፈለግ አለበት።

በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሦስተኛ መንገድ ይጨመራል። እዚያ ያረጀችና በኩላሊት ሕመም የምትሠቃይ ድመት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ባለቤቷ በመርፌ እንድታርፍ ይፈቅድ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ይፈርማልም። ነፍስን መውሰድ የፈጣሪ ድርሻ ብቻ እንደሆነ ተምሮ ያደገ ሰው ፊርማውን ለዓመታት ሊያስበው ይችላል። አገር ቤት ላለ ወንድም ቢነግረው ወንድሙ ለድመት ሐኪም መኖሩን ሰምቶ ይስቃል፤ አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባው ቢያዝንለትም የፊርማውን ክብደት አይረዳውም።

ሐኪም ያዘዘው መለየት

ድመት ሳትሞትም ትጠፋለች፤ አንዳንዴም የምትጠፋው በጤና ተቋም ምክር ነው። ነፍሰ ጡሯ ቶክሶፕላዝሞሲስ እንዳይዛት «ድመቷን አስወጪ» ትባላለች፤ ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ያለበት ሰውም እንዲሁ። ድመቷ በጆንያ ተወስዳ ሩቅ ሰፈር ትጣላለች። ምክሩ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ጥገኛው ወደ ሰው የሚገባባቸው ሰፊ መንገዶች በቅጡ ያልበሰለ ሥጋ፣ ያልታጠበ አትክልትና አፈር የነካ እጅ ናቸው። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ በሚወደድበት አገር ድመቷን አባርሮ ሳሕኑን መተው የተገላቢጦሽ ነው። ድመት የጥገኛውን እንቁላል በዐይነ ምድሯ የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በተያዘችበት ወቅት ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፤ የወጣውም እንቁላል በሽታ ለማስያዝ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ዐይነ ምድሯን ሌላ የቤተሰብ አባል በየቀኑ ካስወገደ፣ ነፍሰ ጡሯም እጇን በሳሙና ከታጠበች፣ ሥጋዋን አብስላ ከበላች፣ ድመቷም ጥሬ ሥጋ ካልተሰጣት መለያየት አያስፈልግም። የሲ.ዲ.4 ቍጥሩ ከ100 በታች በወረደ ታካሚ ላይ የሚታየው የአንጎል ቶክሶፕላዝሞሲስ በአብዛኛው ቀድሞ በሰውነት ውስጥ የተኛው ጥገኛ ሲነሣ የሚመጣ ነው፤ መከላከያው የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትና ኮትሪሞክሳዞል እንጂ ድመት ማባረር አይደለም። በመገለል ምክንያት ብቻውን ለሚኖር ሰው ያቺ ድመት በቤቱ ያለች ብቸኛ ፍጥረት ልትሆን ትችላለች፤ ያለ ምክንያት የሚወሰድበት ነገርም ቀላል አይሆንም።

መቼ ወደ ሕመም ይሻገራል?

አብዛኛው የድመት ሐዘን መድኃኒት አይፈልግም። ለእንቅልፍ ብሎ ዳያዜፓም መጻፍ ቀላል ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ከጭንቀት ጋር የተያያዙ ሁኔታዎች መመሪያ የአእምሮ ሕመም ለሌለባቸው ሐዘንተኞች የቤንዞዳያዜፒን መድኃኒቶች መሰጠት እንደሌለባቸው ደንግጓል። በተለይ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን በዚህ መድኃኒት ወድቀው ይሰበራሉ፣ ይለምዱታልም።

ሐዘን እንደ ሞገድ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በመካከሉ ሐዘንተኛው ይበላል፣ ይጫወታል፣ ራሱንም አይንቅም። ድብርት ግን ቀኑን ሙሉ ይጫናል፤ ሰውዬው ከንቱ ነኝ ይላል፣ የሚያስደስተው ነገር ይጠፋል። እንዲህ ያለው ሁኔታ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ምክንያቱ ድመትም ሆነ ሰው እንደ ድብርት ይመረመራል፣ ይታከማል። የተራዘመ ሐዘን ሕመም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር የቆየ፣ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ምደባ ደግሞ ለአዋቂ ቢያንስ አሥራ ሁለት ወር የሆነው ሐዘን ተብሎ ተቀምጧል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ሰው ሞት ነው። የድመት ሐዘን በስሙ እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ይህም ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ይሁን እንጂ ስድስት ወር አልፎት አሁንም ከቤት የማትወጣ ሴት ስትገኝ ከድመቷ ኋላ የቆመው ሌላ ሞት የትኛው እንደሆነ መፈለግ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ልጆች

ለብዙ ልጅ የድመት ሞት ከሞት ጋር የሚተዋወቅበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ቤተሰብ ልጁን ላለማስከፋት «ተኝታለች»፣ «አገር ቤት ሄደች» ወይም «ጠፋች» ይላል። የመጀመሪያው ቃል መተኛት እንዲፈራ፣ ሁለተኛው አገር ቤት የሄደ ሁሉ እንደማይመለስ እንዲያስብ፣ ሦስተኛውም ለወራት በር በሩን እንዲመለከት ሊያደርገው ይችላል። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ዕድሜ አብዛኞቹ ልጆች ሞት እንደማይመለስ መረዳት ይጀምራሉ፤ ከዚያ በታች ያሉት ደጋግመው ቢጠይቁ አልሰሙም ማለት አይደለም። «ሞታለች፤ ሰውነቷ መሥራት አቁሟል፤ አያማትም፤ አትመለስም» የሚል አጭርና እውነተኛ ቃል ይበቃል። ትንንሽ ልጆች የተቈጡበት ነገር ሲሞት በቍጣቸው የሞተ ስለሚመስላቸው «አንተ ጅራቷን ስለጎተትክ አይደለም» ብሎ ሳይጠይቁ መንገርም ያስፈልጋል።

መቀበሩን ልጁ ማየት ከፈለገ ይፈቀድለት፤ ተጠርጣሪ በሽታ ካለ ግን ከሩቅ ይሁን። ግቢ ያለው ቤተሰብ ከውኃ ጉድጓድ አርቆ፣ ውሻ በማይቈፍረው ጥልቀት ይቀብራታል። በኮንዶሚኒየም የሚኖሩት ይህ ዕድል የላቸውም፤ ሬሳው ወደ ቆሻሻ ገንዳው ሲወረወር ልጅ ካየ ጥያቄው ለወላጆች ከባድ ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች ዘመድ ግቢ ወስደው ይቀብራሉ። አዲስ ግልገል ማምጣትን በተመለከተ ልጁ ራሱ እስኪጠይቅ ቢቆይ ይሻላል፤ ሲመጣም የራሱ አዲስ ስም ይውጣለት። ለእናቲቱም ያው ነው፤ ሳሕኑን ከማጀት የምታነሣው በፈቀደችው ቀን ነው፤ ለልጅቷ በስልክ የሚነገርበትን ሰዓትም አብሯት የሚመርጥ ሰው ማግኘቷ ከቪታሚኑ ይልቅ ይበጃታል።